ባሌ የተቀበረበት ስም

ሐሙስ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ገዳሪፍ

ልጄን ሳልቀሰቅስ ለጎረቤቴ ለእትዬ ጥሩነሽ አደራ ሰጥቼ ወጣሁ። በብብቴ አንድ ክንድ የሚሆን ቆርቆሮ በነጠላ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ነጭ ተቀብቶ በጥቁር ቀለም «አስማማው» ተብሎ ተጽፎበታል። የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሱዳናዊ ነው የሠራልኝ። ፊደላችንን ስለማያውቅ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁትና እንደ ሥዕል እያየ ገለበጠው። የ«ው» እግር ትንሽ ተንጋዷል። ይሁን አልኩት።

ይህን ቆርቆሮ ወሰን ዳር ወዳለችው መንደር ወደ ቁረይሻ ወስጄ በባሌ መቃብር ላይ ልተክለው ነው። አርባው ሳይደርስ መድረስ አለብኝ። እዚያ በቆመው እንጨት ላይ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነው።

መናኸሪያው ገና ጨለማ ነው። የሽንኩርት ጆንያ፣ የሳሙና ካርቶን፣ ባዶ ጀሪካን፣ ፊታቸውን በሻሽ የጠቀለሉ የቀን ሠራተኞች። የመሳፈሪያው ዋጋ ባለፈው ዓመት ከነበረው እጥፍ ሆኗል፤ ማንም አልተከራከረም።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ የያዝሽው መስታወት ነው?» አሉኝ ሾፌሩ ዓም ኢድሪስ።

«አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው።»

«እንግዲያው ከላይ ከሽንኩርቱ ጋር እንሰረው።»

«እኔው እይዘዋለሁ።»

«ያዢው! በሩ መንገድ ላይ ከረገፈ በሱ እንጠግነዋለን።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞክሬ ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት፤ ከአስፋልቱ ወጥተን

መሬቱ ጥቁር ነው። በክረምት ትራክተር የቆፈረው የጎማ መንገድ ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ መኪናው እየዘለለ ይሄዳል። ግራና ቀኙ የታጨደ ሰሊጥ ነው፤ ነዶው ቆሞ ይደርቃል። አስማማው ከመሞቱ በፊት ያጨደው የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

የሞተው ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። ያኔ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ የስልክ መስመርም አልነበረም። ሞቱን የሰማሁት በስድስተኛው ቀን፣ በትራክተር ከወጣ ሠራተኛ አፍ ነው። በሽታው አተት ነበር። ጠዋት ታሞ በማግሥቱ ከቀትር በፊት ተቀበረ።

ባሌ አጥቂ ነበር። ገዳሪፍ ተወልዶ የወላጆቹን አገር ቋራን ሳያይ አደገ። ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ሜዳ በጨርቅ ኳስ ጀምሮ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የአንድ ክለብ አሠልጣኝ ዓይን ገባ። ግን የስደተኛ ልጅ ነው፤ በእጁ ያለው የስደተኛ ወረቀት ነው፤ ክለቡ ደግሞ ለውጭ ተጫዋች ያለው ቦታ ሞልቶበታል። አንድ የቡድኑ ሰው መላ አመጣ። ቁረይሻ ውስጥ ሐጅ ዓብደላ የሚባሉ ገበሬ አሉ። ልጃቸው ያሲን በሊቢያ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል፤ ወረቀቱ ቤት ተቀምጧል፤ ዕድሜውም ይቀራረባል። አስማማው ያሲን ሆነ። አሁን ይህን ብጽፍ የሚቀጡት ሰው የለም።

በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ጓደኞቹ «ያሲን! ያሲን!» ሲሉት ዞር አይልም ነበር። አሠልጣኙ ጆሮው የማይሰማ መስሎት ሐኪም ቤት ላከው። ይህን እየሳቀ ነበር የሚያወራኝ። ኋላ ግን ለመደው። አንድ ቀን ገበያ መሀል «አስማማው!» ብዬ ብጣራ ዝም ብሎ መንገዱን ቀጠለ፤ ሮጬ ነው እጁን የያዝኩት።

ጨዋታ ባለ ቀን ማተቡን ፈትቶ በእጄ ያስቀምጣል። ማታ ሲመለስ መልሼ አስርለታለሁ። ግራ እግሩ ጠንካራ ነበር፤ ሬዲዮው ስሙን ሲጠራ ሰፈራችን ያሉ ሐበሾች ይጮሃሉ፤ ስሙ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። የካርቱም ክለብ ሊወስደው ተነጋግሮ፣ ሻንጣውን አዘጋጅቼ ሳለ ጦርነቱ ፈነዳ። ውድድሩ ቆመ። በሚለማመድበት ሜዳ ተፈናቃዮች ድንኳን ተከሉ። ማለዳ ማለዳ በድንኳኖቹ ዙሪያ ብቻውን ይሮጥ ነበር፤ «ውድድሩ ሊከፈት ነው፣ አትስነፍ ብለውኛል» ይለኛል። ማንም አላለውም። ከዚያ ጆንያ መሸከም ጀመረ። በመጨረሻ ለሰሊጥ አጨዳ ቁረይሻ ወረደ፤ ያረፈውም እነ ሐጅ ዓብደላ ቤት ነው። እነሱ ወደ ቁረይሻ የመጡት ልጃቸው ከሄደ በኋላ ስለሆነ መንደርተኛው የሚያውቀው ያሲን እሱን ብቻ ነው፤ ማተቡንም እኔ ዘንድ ትቶ ሄደ። በኪሱ የነበረው የክለቡ መታወቂያ ብቻ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል፤ ኬላ

ከመኪናው ወረድን። አንድ ወጣት ወታደር ነጠላዬን ፈታ።

«ይህ የሐበሻ ጽሑፍ ነው። ምን ይላል?»

«ስም ነው። የባሌ ስም፤ አስማማው።»

በጣቱ ፊደሎቹን ተከተለ። «አላውቀውም» አለ። ቆርቆሮውን ዘቅዝቆ መለሰልኝ።

ስድስት ሰዓት፤ ቁረይሻ

ሐጅ ዓብደላ በዳሱ ጥላ ሥር ከዓንገረብ አልጋቸው ተነሡ። አጭር ናቸው፤ የእጃቸው ቆዳ የተሰነጣጠቀ ነው። መዳፋቸውን ዘርግተው ለሟች የሚባለውን ጸሎት፣ ፋትሓን ቀሩ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ባለቤታቸው ሐጃ አሚና ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራ በወጥ አቀረቡልኝ።

«ያጠብኩት እኔ ነኝ» አሉ ሐጅ። «ክርስቲያን መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ቤተ ክርስቲያን እዚህ ከየት ላምጣ? ልጄ ብዬ ወረቀቱን ሰጠሁት፤ ልጄ ብዬ ቀበርኩት።»

«ሲያቃትት ምን አለ?»

ሐጅ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ብዙ ተናገረ፣ ልጄ» አሉ ሐጃ አሚና። «ሌሊቱን ሙሉ። ግን በእናንተ ቋንቋ ነበር። አልገባንም።»

አንድ ቃል እንኳ ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ አሰቡ፣ ተዉት።

ነጠላውን ፈትቼ ቆርቆሮውን አሳየኋቸው። ሐጅ ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ።

«ያ ቢቲ፣ ይህ አገር አሁን የምታውቂው አይደለም። እዚህ ወሰን ላይ መሬት ሰዎችን አጋድሏል። የሐበሻ ጽሑፍ በእስላም መቃብር ካዩ አንድ ቀን አያሳድሩትም። የተኛውንም ይነካኩታል።»

«ስሙ እኮ ነው ሐጅ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።»

ሐጃ አሚና አጠገቤ ተቀመጡ። «የእኔንስ ታነሺዋለሽ?»

«የእርስዎን?»

«ያሲኔ ይሙት ይኑር አላውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ‹አላህ ያጽናሽ› ብሎኝ አያውቅም፤ አልሞተማ! ሬዲዮው ስሙን ሲጠራ ድምፁን ከፍ አደርግ ነበር። ዘንድሮ ሰው መጣልኝ፤ ዳስ ተጣለልኝ፤ አለቀስኩ። አሁን በየዓርቡ እዚያ እሄዳለሁ። የተኛው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አላበድኩም። ስሙ ግን የልጄ ነው።»

ስመጣ ልጣላ ነበር የተዘጋጀሁት፤ ሌሊት ሌሊት የምናገረውን አጥንቼ ነበር። አንዱም አልጠቀመኝም።

አሥር ሰዓት፤ መቃብሩ

መቃብሩ ከመንደሩ ጥግ፣ ከግራር ዛፎች ጀርባ ነው። እንጨቱ ላይ በዓረብኛ «ያሲን ዓብደላ» ይላል። አፈሩ ገና አልረጋም። መቃብሩ ይህን ያህል አጭር መሆኑ ገረመኝ፤ ባሌ ረጅም ነበር።

ሐጃ አሚና ትንሽ መቆፈሪያ ይዘው አብረውኝ መጥተዋል። በእግርጌው በኩል ቆፈርኩ። ማተቡን ከጉያዬ አውጥቼ በቆርቆሮው ላይ ሁለት ዙር አሰርኩት፤ እንደማስርለት አድርጌ። ከዚያ ስሙን ወደ እሱ አዙሬ አስገባሁት። ሐጃ አፈሩን በእጃቸው መለሱልኝ። ሲጨርሱ ከላይ ምንም አይታይም ነበር።

እሳቸው ለልጃቸው አለቀሱ። እኔ እዚያ አላለቀስኩም።

ዓርብ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ እዚያው ኬላ

የትናንቱ ወታደር ነው። ነጠላዬን ዘረጋና ባዶ ሲሆንበት አየኝ።

«ቆርቆሮሽስ?»

«አፈር ውስጥ ቀረ።»

«ባልሽ ምን ነበር የሚሠራው?»

«ኳስ ተጫዋች። ገዳሪፍ፤ አጥቂ።»

«አትቀልጂ! የገዳሪፍን አጥቂዎች በሙሉ አውቃለሁ። ትናንት የጠራሽው ስም የለባቸውም።»

ዓም ኢድሪስ ሞተሩን አላጠፉም፤ መኪናው ሙሉ ሰው ይጠብቀኛል። ዝም ብዬ መሄድ እችል ነበር።

«ያሲን ይሉት ነበር» አልኩ።

ወታደሩ ቀና አለ። «ያሲን? ግራ እግሩ? ከመሀል ሜዳ ይዞ ሦስት ተከላካይ አልፎ ያገባው? ወላሂ የሜዳው ግንብ ላይ ነበርኩ! ወድቄ ጥርሴን ተሰበርኩ፤ ይኸው!» ከንፈሩን ገልጦ አሳየኝ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ሞተ?»

«ሞተ።»

ጓደኞቹን ጠራ። ሁለት መጡ፤ አንደኛው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ዓም ኢድሪስ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። «ትናንት በሩን እንጠግንበታለን ያልኩት የሱ ነው?» አሉኝ፤ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ መንገድ ዳር በፀሐይ ቆመው ሁሉም መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ለያሲን ፋትሓ ቀሩለት። ባሌ ከሞተ ጀምሮ እንግዳ ሰው ሲያዝንለት ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«አላህ ያሲንን ይማረው» አለ ወታደሩ።

«አሜን» አልኩ።

ስድስት ሰዓት ተኩል፤ ቤት

እትዬ ጥሩነሽ በር ላይ ቆመው «ተከልሽው?» አሉኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ እሳቸውም ተከልኩት ማለቴ መስሏቸው «ተመስገን» አሉ። ልጄ ከውስጥ ሮጣ መጣች። ነጠላውን ከእጄ ወስዳ፣ ያመጣሁላት ነገር ያለ መስሏት፣ መሬት ላይ ዘርግታ እጥፉን ሁሉ እየገለጠች ፈለገች። ምንም አልነበረበትም።