ዶክተሯ «ወፍራም» ያለችው ሾርባ

መጀመሪያ ያየሁት ከአፉ ግራ ጥግ የወረደውን ሻይ ነው። ጳጉሜ ውስጥ ነበር፣ ጠዋት። ባለቤቴ ታደሰ የሒሳብ መምህር ነው፤ ትምህርት ቤት ስላልተከፈተ ዘግየት ብሎ ነበር የሚነሳው። ሻዩ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ አልታወቀውም። «ፈሰሰብህ እኮ» አልኩት። ቁልቁል አየና ሳቀ። የሳቀው ግን በአንድ ጉንጩ ብቻ ነበር።

ንፋስ መትቶት ነው አልኩ። በእኛ ዘንድ ፊት ከተጣመመ ንፋስ ነው። በሩን ዘጋሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። በሞቀ ፎጣ ፊቱን ያዝኩለት፤ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ሰዓቱ ሄደ። ሊነሳ ሲል ግራ እግሩ ከዳው።

ሆስፒታል ሲቲ ስካን አነሱት። ስትሮክ ነው አሉን፤ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ተዘግቷል። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው?» ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ተረኛው ሐኪም ሰዓቱን አየ። ምንም አላለም፤ የተዘጋውን ሥር የሚከፍተው መድኃኒት ሰዓቱ እንዳለፈበት የገባኝ በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ መጀመሪያ ያንን ዝምታ ያዙልኝ። ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ምላስ ሲተሳሰር ንፋስ ነው አትበሉ። ጸሎቱን መኪና ውስጥ ሆናችሁ አድርሱት።

የሁለታችንም አገር ደብረ ታቦር ነው። ካዛንቺስ ከገባን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነን። ልጅ አልሰጠንም፤ ዘመድ የምንለው ጎረቤቱን ነበር፤ እሱም ከቤታችን በታች ያለው ሰፈር ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። እህቴ ያለችው አገር ቤት ነው፤ በስልክ ነው የምታስታምመው። እና በዚያ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ማለቴ፣ ከእመቤቴ ጋር ብቻዬን።

ሦስት ሳምንት ያህል በአፍንጫው በገባ ቱቦ ተመገበ። ኤንጂ ቲዩብ ይሉታል። በመስከረም መጨረሻ ቱቦውን አወጡለትና ወደ ቤት ሂዱ ተባልን። ያን ጊዜ የምትከታተለው አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ወጣት ሐኪም ነበረች። አስቀመጠችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «እናት፣ በደንብ ይስሙኝ። የመዋጫው ጡንቻ ደክሟል። ቀጭን ነገር ይፈጥንበታል፤ የአየር መንገዱ ሳይዘጋ ወደ ሳንባው ይገባል። ሁልጊዜ ያስለዋል ብለው እንዳይጠብቁ፣ ድምፅ ሳያሰማም ይገባል። ውሃ የለም፣ ሻይ የለም። ወፍራም ሾርባ ይስጡት።»

ወፍራም። እኔም ይህንኑ ቃል ለጠየቀኝ ሁሉ ነገርኩ።

እትዬ ወይንሸት የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልለው መጡ። «ወፍራም ነው አይደል የተባለው? ይኸው። ጽጌ ሳይገባ ብዬ ነው የሮጥኩት። ቅልጥም ነው፣ ላዩን እይው፣ አንድ ጣት ቅባት አለው።» እውነትም ቅባቱ ወፍራም ነበር። በማንኪያ ገፋ ሳደርገው ግን ከሥሩ ያለው መረቅ ውሃ ነው። እህቴ በበኩሏ ስትደውል «አጥሚት ስጪው፣ ቀጠን አድርገሽ። የበሽተኛ ጉሮሮ ጠባብ ነው» አለችኝ። እሷም እናታችን የምትለውን ነው ያለችው። በሽተኛ ቀጭን ነገር ይጠጣል፤ አራስም፣ ከሲታም፣ የታመመም። ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ይህንኑ ነው። ዶክተሯ ግን ሁሉን ገለበጠችው።

ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ቅልጥሙን ለቤቱ አከራይ ሰጠሁ፤ አጥሚቱንም አልሠራሁም። ገንፎ የመሰለ ነገር በማንኪያ ጫፍ እየሰጠሁ ሰነበትኩ። ጠብታ ውሃ አላስጠጋሁትም። ኮርቼም ነበር።

በሰባተኛው ቀን ተኮሰ። ትንፋሹ አጠረ። ከንፈሩ መልኩን ቀየረ።

ተመለስን። ያቺው ዶክተር ነበረች። ደረቱን አዳመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«ውሃ ሰጥተውታል?»

«አልሰጠሁም።»

«ሻይስ?»

«የለም።»

«የሾርባ መረቅ?»

«እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ ጠብታ አላስነካሁትም።»

ማተቧን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«ጸበልስ?»

በየማለዳው፣ ምግብ ከመቅመሱ በፊት፣ ከደብራችን የቀዳሁትን ጸበል በትንሽ ስኒ አጠጣው ነበር። ቤት ከገባንበት ቀን ጀምሮ፣ አንድም ቀን ሳላስታጉል። ውሸታም አይደለሁም። ውሃ ጠጣ ወይ ስባል ጸበል ትዝ አላለኝም። ጾመኛ እንኳ ጸበል ቀምሶ ጾሜን ገደፍኩ አይልም። ከውሃ ጋር ቆጥሬው አላውቅም።

ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔም ጸበል እጠጣለሁ፣ እናቴ» አለች። «በረከቱ አይደለም የጎዳው። ቅጥነቱ ነው።»

አስፒሬሽን ኒሞኒያ ይባላል፤ ወደ ሳንባ በገባ ነገር የሚመጣ የሳንባ ምች ማለት ነው። ኦክስጅን ተደረገለት። አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ገባ። ቱቦው ተመለሰ። እጁን ያዝኩ። እጁ አልያዘኝም።

በአራተኛው ቀን ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። «ልደብቅዎት አልፈልግም። ይህ ከደገመው ሳንባው የሚችለው አይመስለኝም። በአፉ በደህና መዋጥ ካልቻለ ደግሞ ሆዱ ላይ ቀዳዳ ተሠርቶ በዚያ ይመገባል። ትንሽ ጊዜ እንሞክር።» በቃ። ከዚያ ወዲያ የነበረኝ ነገር ያ «ትንሽ ጊዜ» ነው።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ ተንበረከኩ። ገድዬው ነበር አልኳቸው። ብዙ አልተናገሩም። «ልጄ፣ ርጪው፣ ግንባሩን እምነት ቀቢው። ጸበል በጉሮሮ ብቻ አይገባም። ሐኪሟ የምትልሽንም ስሚ፣ እሷንም የላከልሽ እግዚአብሔር ነው» አሉኝ። እዚህ ላይ ለምእመናን ማሳሰብ የምፈልገው አለ። ሐኪም «ምን ጠጣ?» ሲላችሁ ሁሉንም ንገሩት። ጸበሉን፣ መድኃኒት ያስዋጣችሁበትን ውሃ፣ አፉን ያጠባችሁበትን ሳይቀር።

ሁለተኛ ጊዜ ከሆስፒታል የወጣነው በኅዳር መባቻ ነው። ዶክተሯ በዚህ ጊዜ «ወፍራም» ብላ አልተወችኝም። እርጎ የያዘ ማንኪያ አዘነበለችና «እንዲህ» አለች፤ «ተንጠባጥቦ ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ እንደ ማር ተስቦ ሲወርድ። ጓል የሌለው፣ ገለባ የሌለው፣ አንድ ወጥ።» እርጎውን ግን ታደሰ አይቀምስም። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ በሽተኛም ከጾም ነፃ ነው፤ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያልተወውን ጾም ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው መተው አልፈለገም፤ ከንፈሩን ገጥሞ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ስለዚህ የጾም ሾርባ መሥራት ነበረብኝ፤ አቅም የሚሰጥ፣ ወፍሮም የሚወርድ።

ወቅቱ ረድቶኛል። ክረምቱ ወጥቶ ዱባው የደረሰበት፣ ካሮቱ ጭቃው ሳይራገፍ የሚመጣበት፣ እሸት ባቄላ በየጉሊቱ የሚከመርበት ጊዜ ነው። እኔ የምገዛበት ጉሊት ከሰፈሩ ጋር ስለፈረሰ እስከ ቂርቆስ በእግሬ እወርዳለሁ፤ መንገዱ ላይ የምታውቀኝ ሴት ስለሌለች ዳዊቴን በልቤ እየደገምኩ ነው የምሄደው።

አሠራሩን እንደተማርኩት ልንገራችሁ፣ ስሕተቱን ጭምር። ነጭ ቦሎቄ ምሽት ላይ እዘፈዝፋለሁ፤ ጠዋት ውሃውን እደፋለሁ። የመጀመሪያውን ድስት ቦሎቄውን ሳልልጥ ሠራሁት፤ አንዲት ቀጭን ልጣጭ ላንቃው ላይ ተለጥፋ እስክትወጣ ድረስ ነፍሴ አልነበረችም። ስለዚህ ከተቀቀለ በኋላ በጣቴ ጨመቅ እያደረግኩ አንድ በአንድ እልጠዋለሁ፤ እሸቱንም ባቄላ እንዲሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት አቁላላለሁ፣ ካሮትና ድንች አስከትላለሁ፣ ዱባውን በመጨረሻ፤ ሾርባውን የሚያወፍረው ዱባው ነውና ሳይቆጠብ ይግባ። ድንች ካበዛችሁበት እንደ ማጣበቂያ ይሆናል። ጎመንና ቆስጣ አልጨምርም፣ ክራቸው ጉሮሮ ላይ ይጠመጠማል። ደም ግፊት ስላለበት ጨው የለውም፤ ጦስኝና ትንሽ ዝንጅብል ይበቃዋል። የተላጠውን ቦሎቄና ባቄላ ከጥቂት ውሃ ጋር እጨምራለሁ፤ ሁሉም ሲበስል በጁስ መፍጫ ፈጭቼ በወንፊት አሳልፈዋለሁ፤ መብራት ከሌለ በወንፊቱ ላይ በጭልፋ ማሸት ነው። ትኩሱ ሲታይ ቀጭን ይመስላል፣ በረድ ሲል ይወፍራል፤ ስለዚህ የማንኪያውን ፈተና የማደርገው ለብ ካለ በኋላ ነው። ከቆየ ደግሞ ከላዩ ውሃ ይለያል። ያቺ ውሃ እንዳታመልጣችሁ፤ እንደገና አዋሕዱት።

አመጋገቡ ከአሠራሩ ይብሳል። ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ትራስ በግራ ጎኑ። አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ያደርጋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በደህናው ወገን። ይውጣል፣ ባዶውን ደግሞ ይውጣል። ከዚያ «አ» በል እለዋለሁ። ድምፁ ጥርት ካለ ሁለተኛው ማንኪያ ይከተላል፤ ውሃ እንደገባበት ጠርሙስ ከተንቦጨቦጨ እናቆማለን። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኛም። አንድ ሳህን ሾርባ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ይህን ለሐኪማችሁ ሳታሳዩ ከእኔ ብቻ አትውሰዱት፤ የእናንተ በሽተኛ ጉሮሮ እንደ ታደሰ ላይሆን ይችላል።

በአሥረኛው ቀን ገደማ፣ ከአራተኛው ማንኪያ በኋላ «አ» ማለቱን ትቶ ሌላ ነገር ተናገረ። ምላሱ ገና የተሳሰረ ነበር።

«አርባ ሁለት።»

«ምኑ?»

«ሾርባው። ከመቶ።»

«ወደቅሁ በለኛ!»

«ጨው የለውማ። ድጋሚ ትፈተኛለሽ።»

ወጥ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀስ በቀስ እየተሻሻለ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ እትዬ ወይንሸት በየሳምንቱ እየመጡ ቦሎቄውን ከእኔ ጋር እየላጡና «ይኼንን አውቄ ቢሆን ቅልጥሙን ራሴ እበላው ነበር» እያሉ እያሳቁን፣ ታኅሣሥን አልፈን ጥር ደረስን፤ ዶክተሯም መርምራው ሳንባው ንጹሕ መሆኑን፣ ሆዱ ላይ ቀዳዳ እንደማያስፈልገው፣ ሾርባው ከእንግዲህ ትንሽ ሊቀጥን እንደሚችል ነገረችን። ሁሉም አልተመለሰም። ግራ እጁ ጭኑ ላይ እንደተኛ ነው። ድምፁ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ስለማይዘልቅ ማስተማሩን ትቷል፤ መስከረም ላይ ሊጀምረው ያዘጋጀው ደብተር መደርደሪያው ላይ አለ፣ እኔም አላነሳሁት፣ እሱም አልጠየቀኝም።

ከዶክተሯ በተመለስን ማግስት የተሸከምኩትን ነገርኩት። ሆስፒታል የመለሰህ የእኔ ጸበል ነው፣ በገዛ እጄ ነው ያጠጣሁህ አልኩት። እንደሚደነግጥ ጠብቄ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ወደ ደረቴ ሲሄድ ይታወቀኝ ነበር። ይበርደኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ጭንቅላትህን ብትነቀንቅ እኮ…»

«እያለቀስሽ ነበር የምትሰጪኝ» አለ። «እጅሽን እንዴት ልመልስ?»

እኔ ያደግሁበት አገር የዘረጉለትን ጉርሻ የሚመልስ ሰው ነውረኛ ነው። ጠግቤያለሁ ቢልም ይጎርሳል፤ ለአጉራሹ ሲል ይጎርሳል። ታደሰ ለእኔ ሲል ሳንባውን ሊሰጥ ነበር። እኔም እሱ ዋጠ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህን ለመጻፍ አብቅቶኛል። ያቺን ባለማተብ ሐኪም ያክብርልኝ፤ ሌላው ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ። ለእትዬ ወይንሸት፣ በስልክ ላለቀሰችልኝ እህቴ፣ ለንስሐ አባታችን ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተ ዛሬ በሽተኛችሁ አጠገብ ማንኪያ ይዛችሁ የተቀመጣችሁ፣ ሾርባውን ከማቅረባችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። እምቢ እንዲላችሁ ፈቃድ ስጡት። «እጅህን ካነሳህ አቆማለሁ፣ አልቀየምህም» በሉት፤ ከአንድ ጊዜ በላይ በሉት፣ እኛ አገር አንዴ ቢባል አይታመንም። ከዚያ ስታጎርሱት ማንኪያውን ሳይሆን እጁን እዩ።

ትናንት እራት ላይ፣ ከስድስተኛው ማንኪያ በኋላ፣ ታደሰ ቀኝ እጁን አነሳ። ሳህኑ ገና አልተጋመሰም ነበር። ማንኪያውን አስቀመጥኩ።