በአዲሱ በር ማን ይቅደም

አያ ቢያዝን ጎንደር ፒያሳ ካለው፣ ጥሊያን ከሠራው አሮጌ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ በዘበኝነት የቆሙት ገና ጺማቸው ሳይበቅል ነው። አሁን ጺማቸው ነጭ ነው። ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት የምንውለው ሰዎች፣ ሕንፃው እሳቸውን ተደግፎ ነው የቆመው እንላለን። ግድግዳውማ ውፍረቱ ለጉድ ነው፤ አይጥ ከውጭ መቦርቦር ብትጀምር፣ ውስጥ የምትደርሰው የልጅ ልጇ ናት።

አያ ቢያዝን የሚፈትሹት በሰላምታ ነበር። "እንደምን ዋልህ? ቤተሰቡ ሸጋ? ከብቱስ? ገብሱስ ያዘ? አማትህን ተሻላቸው?" ክፉ አስቦ የመጣ ቢኖር እንኳ፣ አማቱ ላይ ሲደርስ የመጣበትን ይረሳዋል።

ዘንድሮ ሕንፃው ታደሰ። የቁስቋም ሰፈር ልጅ የሆነችው መሐንዲስ ሰሎሜ ድንጋዩንም የእንጨት መስኮቱንም እንደ ጥንቱ መለሰችው። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የዝንብ ጺም የሚቆጥር ካሜራ ሸሸገች። ከአሮጌው መዝጊያ ኋላ ደግሞ አንድ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ተሽከርካሪ የብረት በር ተከለች። ሰውየውን ፈትሾ አረንጓዴ ያበራል፤ ቶሎ ካልገቡ ቀይ ሆኖ ይቆለፋል።

"አያ ቢያዝን፣ በሩ ያለ ሰው ከሠራ አንቱ ወደ መጋዘን ይዛወራሉ፤ ጥላ ነው፣ ያርፋሉ" አለቻቸው ሰሎሜ።

"መጋዘን ውስጥ ማንን ሰላም እላለሁ ልጄ? ሲሚንቶውን?"

በሙከራው ቀን አፋቸውን እንዳይከፍቱ ታዘዙ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የመጣው የአምባ ጊዮርጊሱ ገበሬ የሻው ነው። አረንጓዴ በራ። የሻው ግን ዞር ሲል መሪጌታ ልዑልቃልን ከኋላው አየ።

"ይቅደሙ መሪጌታ።"

"የለም፣ የቀደምኸው አንተ ነህ።"

"ምነው! አንቱን ጥዬ ብገባ ገብሴን ውርጭ አይመታውም?"

"የሩቅ መንገደኛ ነህ፤ በሞቴ ግባ።"

ቀይ። እንደገና አረንጓዴ፣ እንደገና "በሞቴ"፣ እንደገና ቀይ። ተቃቅፈው አብረው ሊገቡ ቢሞክሩ በሩ እንደተረገጠ ድመት ጮኸ። የሰልፉ ጭራ ማራኪ ሰፈር ደረሰ።

ሰሎሜ ከፎቅ ወረደች። "በተራ መግባት ይህን ያህል ያቅታል?" ብላ አረንጓዴውን ረዘም አደረገችው። ይሉኝታውም አብሮ ረዘመ።

"ይለመዳል" አለች በመጨረሻ። "አያ ቢያዝን፣ ይምጡ መጋዘኑን ላሳይዎት።"

ሰሎሜና አያ ቢያዝን በሩ ላይ ደረሱ። አረንጓዴ በራ።

"ግቢ ልጄ።"

"ኧረ አንቱ ይቅደሙ።"

"በሩ ያንቺ፤ እኔ እንግዳ።"

"አንቱን ቀድሜ መግባቴን እናቴ ብትሰማ ቤት ታስገባኛለች?"

ቀይ።

"በተራ መግባት ይህን ያህል ያቅታል?" አለ የሻው ከኋላ።

ሰሎሜ ሳቋ አመለጣት። "እንግዲያው አንቱ ይዘዙን።"

አያ ቢያዝን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የሻው፣ ግባ። መሪጌታ፣ ይከተሉት። አንቺም ግቢ።" የታዘዘ ሰው ነውር የለበትም፤ ሦስቱም ሹልክ ሹልክ ብለው ገቡ።

"መጋዘኑስ?" አለች ሰሎሜ ከውስጥ ሆና።

"እኔን ማን ይዘዘኝ ልጄ?" አሉና ወንበራቸውን ወደ በሩ ጠጋ አድርገው፣ የሚቀጥለውን ሰው "አማትህን ተሻላቸው?" አሉት።

ሲሚንቶው እስከ ዛሬ ሰላም ባይ አላገኘም።