ሦስቱን መጋዘኖች ያነጋገርኩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ደምበጫ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ገና ሳልቀምሰው ስልኬ ጠራ። አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ነው። «እትዬ፣ የየክፍሉን የማይተዋወቅ ሶፍትዌር ጥለን አንድ ትልቅ ብንገዛስ?» አለኝ። ወደ ፈረስ ቤት የሚያወጣው መንገድ ከመስኮቱ ይታየኛል።

በዚያ መንገድ መጀመሪያ የወጣሁት የኮምፒውተር ትምህርቴን እንደ ጨረስኩ፣ ቡሬ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ተቀጥሬ ሳለሁ ነው። ዩኒየኑ ቡሬ፣ ደምበጫና ፈረስ ቤት የዘር መጋዘን ነበረው። ሦስቱም በተለያየ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስለሚሠሩ አንዱ ጋ ያለውን ዘር ሌላው አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ አቶ አስማረ ሦስቱንም ፕሮግራሞች አጥፍቼ በአንድ እንድተካ አዘዙኝ። የፈረስ ቤት መጋዘን ኃላፊ እትዬ ጥሩወርቅ ግን እንቢ አሉ። ላሳምናቸው ወጣሁ።

ሰኔ ገብቷል። ጉሙ ከጣሪያው አልተነሳም፤ መጋዘኑ እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ደጁ ላይ አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ጋቢያቸው ርሶ ቆመዋል። የስንዴ ዘር ፍለጋ ቡሬ ድረስ ወርደው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ነው። እኔ ደግሞ ዘሩን ስመጣ ደምበጫ ተከምሮ አይቼዋለሁ። እሳቸው ሲሄዱም ሲመለሱም በዚያው መጋዘን ደጅ አልፈዋል።

ይህንኑ ስነግራቸው «እህ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔስ ልመላለስ። ዝናቡ ነው የማይጠብቀኝ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸውልሽ ልጄ፣ በዘር ሰሞን የለመድኩትን ፕሮግራም ብታነሺብኝ ይህን ሁሉ ሰው በምን ላስተናግደው?»

እውነታቸውን ነበር። የጎደለው አዲስ ፕሮግራም ሳይሆን መጠያየቂያ ነው።

«አልነካብዎትም» አልኳቸው። «‹ይህ ዘር አለ ወይ?› የሚል ጥያቄ ከሌላው መጋዘን በኢንተርኔት ይመጣል፤ የእርስዎ ፕሮግራም ራሱ ይመልሳል። ሌላ ቢጠየቅ አይመልስም።»

«እንዲያ ከሆነስ ይሁን።»

አቶ አስማረን ግን ነገሩ አልጣማቸውም። «አዋህጂ ነው ያልኩሽ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?»

«‹ቢያብር› ነው እንጂ ‹ቢጨፈለቅ› አይልም፣ ጋሼ።»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሞክሪው አሉኝ። ሞከርኩት። የዘር ጊዜ ሳያልፍ እትዬ ጥሩወርቅ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ደምበጫ መለሰልኝ። ከገበዝ ማርያም የመጣች አንዲት ሴትዮ ቡሬ ሳትወርድ ዘሯን ከዚያው ይዛ ገባች።»

ያን ቀን ከቢሮ ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። ብርዱም አልተሰማኝም።

ከዚያ ወዲህ ከዚያ የሚበልጡ ብዙ ሥራዎች ሠርቻለሁ፤ አሠራሬ ግን ያው ነው። የሚሠራውን አላፈርስም፤ የተኳረፈውን አነጋግራለሁ።

«መጀመሪያ የየክፍሉ ሰዎች ዘንድ ሄደህ ዋል» አልኩት ስልኩ ላይ የሚጠብቀኝን ወጣት። «ከዚያ በኋላም መግዛት ካሰኘህ እኔው እፈርምልሃለሁ።»

ፊርማዬን እንደማይጠይቀኝ እርግጠኛ ነኝ።