ራሱ የሚያቆመው ማጫወቻ

ሻጩ የሸክላ ማጫወቻ ሲያስመርጠኝ፣ «ይሄ ምርጡ ነው፤ ሸክላው ሲያልቅ ራሱ ያቆማል» አለኝ።

ጊንጆ ሰፈር ቤታችን የነበረውም እንዲሁ ነበር። አባባ አማርጦ ስለገዛው ለእንግዳ ሁሉ ያሳየው ነበር። በደርግ ጊዜ አንድ ከሰዓት የቀበሌ ጠባቂዎች ታላቅ ወንድሜን ከድርን ፍለጋ መጡ። ከድር ኮርኒስ ውስጥ ተደብቋል፤ ጉንፋን ይዞታል። አባባ የከድር ሳል እንዳይሰማ ሸክላ ከፍቶ ድምፁን ጨመረው። ጠባቂዎቹ አልጋ ስር ሳይቀር በረበሩ። ሊወጡ በሩ ላይ ሲደርሱ ሸክላው አለቀ፤ መርፌው ራሱ ተነሳ፤ ቤቱ ጭጭ አለ። ከኮርኒሱ የከድር ሳል ተሰማ።

ይዘውት ሲሄዱ አባባ፣ «ያ ረቢ! ምነው ተራውን ማጫወቻ በገዛሁ!» እያለ ጭንቅላቱን ያዘ። ገና ልጅ ስለነበርኩ ነገሩ ያልገባኝ እኔ፣ «ይሄ እኮ ጥሩ ነው አባባ» አልኩት።

ከድር አልተመለሰም።

ሻጩን፣ «ካላስቆሙት የማይቆም የለህም?» አልኩት።