በጣርማ በር መስታወት የሚያንኳኳው ልጅ

ልጅ ሳለሁ መኪና ያመኝ ነበር። ያመኝ ነበር ስል እንደ ሌላው ሰው ትንሽ አጥወልውሎ የሚተወኝ ዓይነት አልነበረም፤ ገና ረዳቱ በሩን ሲዘጋው፣ የነዳጁ ሽታና የወንበሩ ሙቀት አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ አፌ ውሃ ይሞላል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ መኪና ጠልተው የሚኖሩባት አይደለችም። የሰፈር ልጆች «ዘሀራ ፌስታል» ይሉኝ ነበር። ፌስታል ሳልይዝ ባጃጅ እንኳ ስለማልሳፈር አልተሳሳቱም።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው እናቴ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ነው። በሽታዋ ምን እንደሆነ ለልጅ የሚነግር አልነበረም። የምሰማው «ልጄን አምጡልኝ ብላለች» የሚለውን ብቻ ነው፤ ሊጠይቃት ሄዶ የሚመለስ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያ የወሰደችኝ አክስቴ መዲና ነበረች። ባዶ ሆድ ከሆነ ይብስባታል ብላ በጠዋት ፍትፍት በቅቤ እስኪበቃኝ አጎረሰችኝ። መኪናው ሲነሳ በነጠላዋ ከአናቴ እስከ ጉልበቴ ሸፈነችኝ፣ ሎሚ አስጨበጠችኝና «እንዳታዪ፣ ጨፍኚ» አለችኝ። መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። የእኛ አገር ሰው ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ከገደሉ ይልቅ ንፋሱን ይፈራል፤ በላብ ተጠምቆ ቢሄድ ይመርጣል እንጂ ጣት የምታስገባ ክፍተት አይተውም።

አርማንያ የምትባለውን ከተማ ሳናልፍ ጀመረኝ። ደብረ ሲና ስንደርስ ነጠላውም፣ የአክስቴ ቀሚስም፣ አጠገባችን የተቀመጠው ሰውዬ ጫማም አልተረፈም። የሚወጣው ነገር አልቆ ሐሞት ሲወጣኝ አክስቴ ደንግጣ አወረደችኝ። ከቆሎ ሻጮቹ አጠገብ ጥላ ውስጥ ተጋድሜ ዋልኩና ወደ ሮቢት ተመለስን። እናቴ ያን ቀን በሩን በሩን ስታይ እንደዋለች በኋላ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ መኪና አጠገብ የሚያደርሰኝ ጠፋ፤ በልመናም በቁጣም አልሆነም። እናቴ ትናፍቀኛለች፣ አለቅስላታለሁ፤ መናኸሪያው በር ላይ ስንደርስ ግን እግሬ አልታዘዝ ይለኛል። ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየኝ ይንሾካሾክ ጀመር። ሳላያት ልትሞት እንደምትችል የገባኝ ከዚያ ሹክሹክታ ነው።

ያኔ ነው አባባ ተረቱን የጀመሩልኝ። አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ቀወት ውስጥ ማሽላና ማሾ ሲያመርቱ የኖሩ፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። እናቴ ከታመመች ወዲህ እኛ ቤት ሰንብተው ነበር። የምሽቱን መግሪብ ሰግደው ሲጨርሱ ግቢው ውስጥ የማሽላ አገዳ ያቀጣጥላሉ፤ በዚያ ሙቀት ለመሞቅ አይደለም፣ ጭሱ የወባ ትንኝ እንዲያርቅልን ነው። መብራት የሚጠፋበት ምሽት ብዙ ስለነበር ፋኖሱን ደጃፉ ላይ እናስቀምጠዋለን። ጭሱ ዓይኔን እያስነባው፣ አገዳው እየተንጣጣ ወደ ፍም ሲለወጥ እያየሁ፣ ከጎናቸው ሰሌን ላይ እቀመጥ ነበር።

«ጣርማ በር ላይ አንድ ልጅ አለ» ብለው ጀመሩ። «ፊቱ የተሸፈነ ልጅ ነው። መንገዱ ተራራውን በስቶ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ይቆማል። ጉም ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ከሚያልፈው መኪና ሁሉ ጎን እየሮጠ መስታወቱን ያንኳኳል።»

«ምን ፈልጎ?»

«ራሱን ፈልጎ። መኪና ውስጥ የተሸፈነ ልጅ ካየ፣ እኔ ነኝ ብሎ ይገባል። እሱ የገባበት ልጅ ሆዱ ይገለባበጣል። የጠገበ ልጅ ይመቸዋል፣ ያቀረቀረ ልጅ ይመቸዋል። መስኮቱ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ልውጣ ቢልም መውጫ የለው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል አባባ?»

«ፊትሽን ገልጠሽ ሩቁን ተራራ ታያለሽ። እህ፣ ይቺ ሌላ ናት፣ እኔ አይደለሁም ብሎ ያልፍሻል።»

ሌላ ተረት ሲያወሩ አባባ እንደ ልባቸው ነበሩ፤ የጦጣዋን ብልጠት ዛሬ በአንድ መንገድ፣ ነገ በሌላ ይነግሩኛል። ይህን ግን ምሽት ምሽት ሲደግሙት አንድ ቃል አይጨምሩም፣ አንድ ቃል አይቀንሱም። አንዴ «ክፉ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ክፉስ አይደለም» አሉና ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱ። እኔ በጭሱ ውስጥ ፊቱ የተሸፈነውን ልጅ እያየሁ አመሽ ጀመር። ቢሆንም አንድ ነገር ተለወጠ። ቀድሞ የምፈራው ሆዴን ነበር፤ ለሆዴ ደግሞ መላ አልነበረኝም። አሁን የምፈራው ልጁን ሆነ፤ ለእሱ የሚደረገውን አውቃለሁ። አንድ ምሽት ራሴው «እንሂድ» አልኳቸው።

በማግስቱ ደረቅ ዳቦ ብቻ ቆርሰው ሰጡኝ። ጋቢና፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡና መስኮቱ ዳር አደረጉኝ፤ ሻርፔን ከግንባሬ ወደ ኋላ ገፉልኝ፤ መስታወቱን እስከ ግማሽ አወረዱት። ከተማዋን ሳንወጣ ጩኸቱ ተጀመረ።

«ኧረ መስኮት! በአላህ ዝጉልን!»

«ጨቅላ ይዣለሁ እኮ፣ ንፋስ መታብኝ!»

ሾፌሩ ጨዋ ነበር። «አባቴ፣ ይዝጉት እንጂ፣ ሰው እየጮኸ ነው» አላቸው።

«ይጩህ።»

«እባክዎ አባቴ፣ ለልጅቷም ብርድ ነው።»

አባባ ወደ ኋላ ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም፣ ያን ቀንም ከፍ አላደረጉትም። «በዚህ መንገድ ልጅ አፍኜ አልፌያለሁ» አሉ። «ሁለተኛ አላልፍም።»

ጨቅላ የያዘችው ሴት ልጇን ይዛ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች፤ ሌላው አፍ አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ተቀመጠ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ንፋሱ ፊቴን እየመታው ተራራውን አያለሁ። አገጬ ዝቅ ባለ ቁጥር የአባባ ሸካራ እጅ ቀስ ብሎ ቀና ያደርገዋል። ደብረ ሲናን አለፍን። ዳገቱን ጀመርን፤ በየጠመዝማዛው ሆዴ ይከተላል፣ መልሶ ይረጋል። ከዚያ ጉሙ ወረደብንና ተራራው ጠፋ፤ ወዲያው ዋሻው ዋጠን።

«አባባ፣ ሩቁ የለም!»

«አለ። ያቺን ብርሃን እያት።»

ከፊታችን ጥፍር የምታህል ብርሃን ነበረች። ዓይኔን እሷ ላይ እንደተከልኩ፣ ከጎኔ መስታወቱ ተንኳኳ። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ ይሆናል፤ ዛሬ እንዲህ እላለሁ። ያኔ ግን ዞር አላልኩም። አባባ በለሆሳስ ሲናገሩ ሰማሁ። ዱዓ የሚያደርጉ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ደጋግመው የሚሉት አንድ ስም ነው። ሙሄ፣ ሙሄ ይላሉ።

ሳላስመልስ ደብረ ብርሃን ገባሁ።

እናቴ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። አባባ ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወጣ ሲሉ ወደ አልጋዋ አስጠጋችኝና «አላመመሽም?» አለችኝ። ተረቱን ከእነ መላው ነገርኳት፣ ሙሄ የሚለውንም ስም ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሙሄ ታናሽ ወንድሜ ነው» አለችኝ። «ትኩሳት ይዞት አባባ በጭነት መኪና ወደ ሐኪም ይዘውት ወጡ። ንፋስ እንዳይመታው በጋቢ ጠቅልለው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ አቅፈውት። ከጋቢው ስር ሲያስመልሰው የመኪናው ድምፅ አላሰማቸውም። ተኝቷል ብለው ነው የተጓዙት። ጣርማ በር ላይ ገለጥ ቢያደርጉት…» ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ልታጠናው እንደፈለገች ሁሉ ታየኝ ጀመር። እናቴን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው። መንገዱን ባልችለው ኖሮ ያ ፊቷ በልቤ አይኖርም ነበር።

ስንመለስ ከዋሻው እንደወጣን ጉሙ ተሰነጠቀና ከታች የይፋት ቆላ ታየ። አባባ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ በቀስታ፣ «አየሽው?» አሉኝ።

ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። «አየሁት» አልኩ።

«ፊቱስ?»

«ተገልጧል።»

«አልሀምዱሊላህ» አሉና ነጩን ጢማቸውን ለንፋሱ ሰጥተው አለቀሱ። ሰው ፊት ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ተረቱን ለማንም አልነገሩም፤ የአክስቴ ልጆች ሲለምኗቸው «እሱ አልቋል» ይሉ ነበር። ሲሞቱም በሰላም ነው የሞቱት።

አሁን እኔ ልጄን ይዤ በዚያው መንገድ እወጣለሁ። መስኮት እከፍታለሁ፣ ከተሳፋሪው ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ ልጄን «ሩቁን እይ» እለዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ነግሬው አላውቅም። ዋሻው ጋ ስንደርስ ግን የራሴ ዓይን ቅርቡን ጉም ይፈትሻል። ያን ቀን አንድ ነገር አይቼ ነበር ወይስ አዝኜላቸው ብቻ «አየሁት» አልኩ፣ ብዙ ባስበውም አልለየሁትም። አባባን ዋሽቻቸው ከሆነ ያ ልጅ እስካሁን እንደተሸፈነ ነው።