ልጄን ያሳሰረው የእንግሊዝ ካናቴራ

ይህ የደረሰብኝ ሞባይል ገና በየሰዉ እጅ ሳይገባ፣ የምርጫ ቅስቀሳ በጦፈበት ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን ዛሬም ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ዲላ ገበያ ሰልባጅ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ አማርኛውን እንደምንም አነባለሁ፣ የፈረንጁን ፊደል ግን አላውቀውም። ያን ጊዜ ከከፈትኩት የልብስ እስር፣ ከቦንዳው ውስጥ አንድ ዓይነት ካናቴራ በብዛት ወጣ። ነጭ ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ መስቀል፣ ከሥሩ ጽሑፍ አለው። ትልቁ ልጄ ታሪኩ የሰፈሩ ቡድን በረኛ ነበር። "እማ፣ ማልያ አገኘን!" ብሎ ታቅፎት ሄደ። ለብሰውት ሳያቸው አምሮባቸው ነበር።

እሁድ ለጨዋታ ወደ ደጋው በሚወስደው የቡሌ መንገድ ወጡ። ከሰዓት በኋላ አንድ ባለሞተር መጥቶ፣ "እትዬ፣ ልጆቹ ታስረዋል። የማይታወቅ ፓርቲ ቀስቃሾች ናችሁ ተብለው ነው" አለኝ። በዚያው ሞተር ተፈናጠጥኩ። በቃ ልጄን ወደማላውቀው ቦታ ወሰዱት እያልኩ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ልጆቹ የታሰሩባትን ቀበሌ ስም አልጠራም። ልጆቹ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ አንዱን ካናቴራ ይዞ "የማን ፓርቲ ነው?" ይላል።

"ጌታዬ፣ ሰልባጅ ነው። እኔ ነኝ ከቦንዳ ያወጣሁት።"

"ቦንዳ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፓርቲ የሚያመጣው?"

የእንግሊዝኛ አስተማሪ አስጠራ። ተገላገልን አልኩ። አስተማሪው አነበበና፣ "የእንግሊዝ አገር ትንሽ ፓርቲ ነው። እንግሊዝ የራሷ ምክር ቤት ይኑራት፣ ራሷን በራሷ ታስተዳድር ነው የሚለው" አለ።

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሳ። "ራሷን በራሷ? ይኸው! ይሄን ጥያቄ ማን ሰጣችሁ?"

"ኧረ ጌታዬ፣ እንግሊዝን እኛ አልያዝናት!" አልኩ።

አስተማሪው "ከስኮትላንድ ጋር ስለሆኑ ነው..." ብሎ ሊያስረዳ ሲጀምር ሊቀመንበሩ "አንተም ደጋፊያቸው ነህ እንዴ?" አለው። ታሪኩ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል በዓይኔ ቆጣ አልኩት። እኔ ሞቼ እሱ ይስቃል!

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ካናቴራውን አውልቃችሁ ሂዱ ተባሉ። የደጋው ብርድ ያንዘፈዝፋል። በጭነት መኪና ላይ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ተሳፈሩ። ታሪኩን ሻርፔን ላለብሰው ስል "እማ፣ ጓደኞቼ ያያሉ" ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ሲያስለው ከረመ። ማንም ይቅርታ አላለንም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ትንሽ ቆይቶ የዚያችው ቀበሌ ዘበኛ ያንኑ ካናቴራ ለብሶ ከፊቴ ጫማ ሲመርጥ አየሁት። ፓርቲህ የቱ ነው ያለው የለም። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ።

እነዚያ እንግሊዞች የጠየቁትን ያግኙ አያግኙ አላውቅም። የኔ ልጅ ግን በእነሱ ጥያቄ ታስሯል። ከዚያ ወዲህ ኳስ ሜዳ አልረገጠም።