ነውር የሌለበት ዓሣ

ሚስቴ በአርባ ስምንት ዓመቷ ዶክትሬት ልትማር ስትመዘገብ የተቃወምኋት እኔ ብቻ ነበርሁ። ምክንያት አልነበረኝም፤ ሌላው ሰው ሁሉ ስለደገፋት ነው።

ጥናቷ ቀረሶ በሚባለው የጣና ሐይቅ ዓሣ ላይ ነው። በዓሣው ዘረመል ውስጥ በየትውልዱ ጥቃቅን ለውጦች ይፈጠራሉ። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉትም፤ አንዳንዶቹ ግን ይጎዱታል። የተጎዳ ዓሣ ብዙ ስለማይወልድ ጎጂው ለውጥ አይስፋፋም፤ በአንድ በሁለት ዓሣ ላይ ታይቶ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለውጥ ስንት ዓሣ ላይ እንዳለ ቆጥሮ፣ ጎጂውን ከማይጎዳው ጋር ያነጻጸረ ሰው የተፈጥሮ ምርጫ ምን ያህል እንደበረታ መገመት ይችላል። ይህን ራት ላይ ስትነግረኝ «አውቀዋለሁ» አልኋት። ስለ ተፈጥሮ ምርጫ ያነበብሁት መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል። ዓሣን ግን የማውቀው ተጠብሶ ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ በአንድ ዓሣ ላይ ብቻ የሚገኝ ጎጂ ለውጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። አማካሪዋ ወረቀቱን አገላብጠው፣ «የጣና ቀረሶ ሁሉ ጻድቅ ነው፣ ወይስ ናሙናሽ ነው የተበላሸው?» አሏት። አንድ ዓመት ተጨመረላት። በዚያ ካላስተካከለች የአራት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው።

ላብራቶሪው ውስጥ ያልፈተሸችው ነገር አልቀረም። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ሰውን ጠርጥሬ አብሬያት ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ዓሣውን የሚያቀርቡላት አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ናቸው። ታንኳቸውን አስጠግተው መረቡን ሲያራግፉ ቆሜ አየሁ። ጀርባው የጎበጠ ቀረሶ አነሡና መልሰው ወደ ውሃው ወረወሩት። ከሲታ አነሡ፤ እሱንም ወረወሩት።

«አባቴ፣ ለምን ጣሉት?»

«ትቀልዳለህ? ያንን ለሚስትህ ልስጥ? ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ዓሣ ነው እኮ!»

ሚስቴ የበረዶ ሳጥኗን መሬት አስቀመጠች። «ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ ሲመርጡልኝ ነበር?»

«ታዲያስ! አንድም ነውር ያለበት ሰጥቼሽ አላውቅም። ይኸው ባልሽ ምስክር ነው።»

ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ሳቀች፤ እንባዋ መጣ፤ እንደገና ሳቀች። ከተፈጥሮ ምርጫ ቀጥሎ የሽማግሌው ይሉኝታ ዓሣውን ሲያበጥርላት ኖሯል። በመጠራጠሬ የዚያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ማሳመኑ ግን ቀላል አልነበረም።

«መረቡ ያመጣውን ሁሉ ሳይመርጡ ይስጡኝ፣ አባቴ።»

«እንዴት ተደርጎ! ሰው ምን ይለኛል?»

«ሐኪም ቤት የሚሄደው ጤነኛ ብቻ ነው እንዴ?»

«እሱስ አይደለም።»

«እንግዲያው ሸፍኜ እወስደዋለሁ፤ ማንም አያይብዎትም።»

በዚህ ተስማሙ። ጎባጣውም፣ ከሲታውም፣ አንድ ዓይናውም እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነው በባጃጅ ወደ ላብራቶሪ ሄዱ። እኔም ሳጥኑን ታቅፌ ሚዜ ሆንሁ።

ጥናቷን ስታቀርብ ሽማግሌው ንጹሕ ጋቢ ለብሰው ከፊት ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ፈታኞቹ ከየአቅጣጫው ወጠሯት፤ ያልመለሰችው ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ለውጦቹ በስንት በስንት ዓሣ ላይ እንደተገኙ በዓምዶች የሚያሳየውን ወሳኙን ሥዕል አሳየች። በአንድ ዓሣ ላይ ብቻ የተገኙት ጎጂ ለውጦች በግራው ጫፍ እንደ ግንብ ቆመዋል።

ሽማግሌው አልቻሉም። «ልጄ፣ ያ ረጅሙ ያ ሸፍነሽ የወሰድሽው ነው?» አሉ ጮክ ብለው።

«እሱ ነው፣ አባቴ። ያዳነኝ እሱ ነው።»

ፈታኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ጥቂት ቆይቶ ማለፏ ሲነገርና «ዶክተር» ተብላ ስትጠራ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያን ሁሉ ዘመን ወደ ውሃ ስወረውር የኖርሁት ዶክተር ነው በለኛ!»